ስድስት ቀን በስኮትላንድ፦ የሬጅመንት ስም ፍለጋ

1ኛ ቀን፣ ኤድንብራ

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ኤድንብራ ለመድረስ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በርዊክን እንዳለፍን ባሕሩ በቀኝ በኩል ተንጣለለ። ትንሽ ቆይቶ ድንበሩ ታለፈ። ባቡሩ አልቆመም፣ ፓስፖርት የጠየቀም የለም።

ለንደን 20 ዓመት ስኖር ወደዚህ መጥቼ አላውቅም። አሁን ያመጣኝ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ኮሪያ የዘመተው ከሁለተኛው የቃኘው ሻለቃ ጋር ነው። ንጉሡ ወርደው፣ ክቡር ዘበኛ ፈርሶ፣ መንግሥት ተቀያይሮ እንኳ፣ ሰው «ጋሼ፣ የት ነው ያገለገሉት?» ሲለው መልሱ አንድ ነበር፦ «ቃኘው ነኝ»። «ነበርኩ» ብሎ አያውቅም። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር የሚዋጋ ጦር፣ ስሙ ግን የአድዋ ዘመን የፈረስ ስም። ልጅ ሆኜ ይህ አይገርመኝም ነበር። ሲሞት ነው የገረመኝ።

የስኮትላንድ ወታደሮች ጉዳይ የያዘኝም ከዚያ ወዲህ ነው። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር በ1707 ተዋሐደች (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጦሩም አንድ ሆነ። ይኸው 300 ዓመት አልፎ የስኮትላንድ ወታደር ዛሬም በሽርጡ፣ በባግፓይፑ (ባለ ከረጢት ዋሽንቱ)፣ በቆቡ ላባ ከሌላው ተለይቶ ይታወቃል። በትልቅ ጦር ውስጥ ገብቶ የራስን መልክ ይዞ መቆየት እንዴት ይቻላል? ምን ያስከፍላል? ለስድስት ቀን ይህንን ነው የምፈልገው።

ዕቃዬን አስቀምጬ በፕሪንስስ ጎዳና በእግር ወረድኩ። ጎዳናው ምዕራብ ጫፍ ላይ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን አለ። አበሻ ሆኖ እዚህ መጥቶ ሳያዩት ማለፍ አይሆንልኝም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰደው ውስጥ አንድ ታቦት በአንድ መኮንን እጅ መጥቶ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ከዚያ ተረሳ። በ2001 ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘውና ምን እንደሆነ ገባው። በ2002 መጀመሪያ ታቦቱ ተመለሰ። አዲስ አበባ ያን ቀን እንዴት እንደወጣች የነበረ ሰው ያስታውሳል።

ገብቼ ተሳለምኩና ጥቂት ተቀመጥኩ። ስለ ስኮትላንድ ወታደር ፍቅር ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ይህንንም ይዤ ነው የምዞረው።

2ኛ ቀን፣ ግንቡ

የኤድንብራ ግንብ ጥቁር ዐለት ላይ ነው የተቀመጠው። በሩ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ታላቁ የወታደር ትርኢት፣ ታቱ፣ የሚታይበት ነው። እዚያው ጥግ ላይ ትልቅ የድንጋይ መቃብር አለ። የቻርልስ ኢዋርት ነው።

ኢዋርት የስኮትስ ግሬይስ ፈረሰኛ ሃምሳ አለቃ ነበር። በ1815 ዋተርሉ ላይ የፈረንሳይን 45ኛ ሬጅመንት (ሬጅመንት የራሱ ስምና ዓርማ ያለው የጦር ክፍል ነው) የንስር ዓርማ ነጥቆ ወሰደ። ንስሩ ዛሬም ግንቡ ውስጥ ባለው የፈረሰኞቹ ሙዚየም ይታያል። ትንሽ ነው፣ ሁለት እጅ ያቅፈዋል። ኢዋርት የሞተው እንግሊዝ ውስጥ ነው። በ1938 ግን አጽሙን አምጥተው እዚህ ቀበሩት። ጦሩ የጋራ ነው፣ አጽሙ ግን የእኛ ነው ማለታቸው ነው መሰለኝ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ቆሜ ሳነብ አንድ ነገር ያዘኝ። ስኮትስ ግሬይስ በ1971 ከሌላ ፈረሰኛ ሬጅመንት ጋር ተዋህደው የዛሬዎቹ ሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ ሆነዋል። ያ ሌላው ሬጅመንት ደግሞ ከአባቶቹ የወረሰው የጦር ሜዳ ክብር (በክብር የሚያዝ የተዋጋበት ዘመቻ ስም) ነበረው። ከእነዚያ አንዱ «አቢሲኒያ» ነው። የመቅደላ ዘመቻ ማለት ነው። ስለዚህ የስኮትላንድ ፈረሰኞች፣ ዛሬ ፈረሱን ትተው በመኪና የሚዘምቱት፣ የአገሬን ስም በክብር ዝርዝራቸው ይዘው ይዞራሉ። እንደገና አነበብኩት። ምን ልበል? ለእነሱ ክብር፣ ለኛ የአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ድምፅ።

ከሁሉም ያቆየኝ የስኮትላንድ ብሔራዊ የጦርነት መታሰቢያ ነው። ሰር ሮበርት ሎሪመር ነድፎት በ1927 ተመረቀ። ከውጭ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ውስጡ ግራና ቀኝ የየሬጅመንቱ ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ከድንጋይ የተቀረጸ ስምና የተዋጋበት ሜዳ አለው። በየሥሩ መደርደሪያ ላይ የሞቱት ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ተቀምጠዋል። መንካት ይቻላል። ማንም ገልጦ የአያቱን ስም መፈለግ ይችላል።

አንዲት ሴት ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ስትፈልግ አየሁ። ስታገኝ አላለቀሰችም። ጣቷን እዚያው ላይ አቆመችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተጻፉት ብቻ ከ100,000 በላይ ናቸው። የአገሩ ሕዝብ ያኔ አምስት ሚሊዮን አይሞላም ነበር። የሁለተኛው ጦርነት ስሞች ደግሞ ከ50,000 ይበልጣሉ። አገሪቱ የራሷ ጦር የላትም፤ የሟቾች መዝገብ ግን የራሷ ነው። እዚያ ቆሜ ይህ ነው የገባኝ።

አንድ ግድግዳ ላይ አይጦችና ትናንሽ ወፎች ተቀርጸዋል። መርዝ አየር መኖሩን እንዲያስታውቁ ከመሬት ሥር ቆፋሪዎች ጋር የገቡት ናቸው። ከሥሩ «የዋሻ ቆፋሪዎቹ ወዳጆች» ይላል። ልቤን የነካው ይህ ነው። ሙታኑን የሚያከብር ሰው እንስሳዋንም አልረሳም።

ቀን 7 ሰዓት ሲሆን መድፉ ተተኮሰ። ከእሑድ፣ ከስቅለትና ከገና በቀር በየቀኑ ይተኮሳል፣ ከ1861 ጀምሮ። አንድ ሕፃን ጮኸ፣ የከተማው ሰው ግን ሰዓቱን አየና መንገዱን ቀጠለ።

3ኛ ቀን፣ ፐርዝ

ባቡሩ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ከምናምን ወሰደ። ባልሁዚ የሚባለው ግንብ ከሰፊ ሜዳ ዳር ነው። የብላክ ዎች፣ የጥቁሩ ዘብ ሬጅመንት ሙዚየም እዚህ ነው።

ታሪካቸው የሚጀምረው በጥበቃ ነው። በ1725 ጄኔራል ዌድ የደጋውን አገር (ሃይላንድስን) እንዲጠብቁ ከዚያው ከደጋው ሰው ቡድኖች አቋቋመ። ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ ታርታን (ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሱፍ ጨርቅ) ለበሱ፣ ስማቸውም ከዚያ መጣ ይባላል። በ1739 ሬጅመንት ሆኑ። የመጀመሪያ ሰልፋቸው በ1740 አበርፌልዲ አጠገብ በቴይ ወንዝ ዳር ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክህደት ነው። በ1743 ወደ ለንደን ወሰዷቸው። ንጉሡ ሊያያችሁ ነው ተባሉ። ንጉሡ ግን የለም። ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች (ካሪቢያን) ሊልኩን ነው የሚል ወሬ ተነሳ፤ ያ ማለት በወባና በቢጫ ወባ ማለቅ ነው። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሌሊት ተነስተው በእግራቸው ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። ተያዙ። ሦስቱ፣ ሳሙኤልና ማልኮም ማክፈርሰን የተባሉ ሁለት አስር አለቆችና ፋርኳር ሾው የተባለ ተራ ወታደር፣ ለንደን ታወር ውስጥ ጓዶቻቸው እያዩ ተረሸኑ። ሙዚየም ሙሉ የድል ሥዕል አለ። እኔ ግን የእነዚህን የሦስቱን ስም ነው ደብተሬ ላይ የጻፍኩት።

አስጎብኚዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ ሽማግሌ፣ ኮታቸው ላይ ቀይ ላባ የሰኩ፣ ቀርበው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ከኢትዮጵያ ነኝ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ኮሪያ ዘምታችኋል አይደል?»

«አባቴ ዘምቷል። በ1952።»

«የኔም አባት በዚያው ዓመት እዚያ ነበር። ሁክ ላይ።»

ሁክ ኮረብታ ነው። በኅዳር 1952 ብላክ ዎች ከቻይናዎች ጋር ሌሊቱን ሙሉ እጅ ለእጅ የተናነቀበት። ሽማግሌው ወንበር ሳቡልኝ። አባትዎ ስለ ኮሪያ ያወሩ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስለ ብርዱ ብቻ» አሉኝ። የኔም አባት እንደዚያው ነበር። ስለ ብርዱ ብቻ።

ከዚያ ስለ 2004 ነገሩኝ። ሬጅመንቱ ኢራቅ ነበር፤ ሰው ሞቶበታል። ከዚያ በተመለሰበት ሰሞን መንግሥት የስኮትላንድን እግረኛ ሬጅመንቶች ሁሉ አንድ ሊያደርግ መወሰኑ ተነገረ። በመጋቢት 2006 ሁሉም በአንድ ስም ሥር ገቡ፦ የስኮትላንድ ንጉሣዊ ሬጅመንት። ብላክ ዎች 3ኛ ሻለቃ ሆነ። ስሙ ከቁጥሩ ጎን ቀረለት፣ ቀይ ላባውም ቀረለት። ሌሎቹም የየራሳቸውን ቀለም ላባ ያዙ፦ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ።

«ላባ ብቻ ቀረ ማለት ነው?» አልኳቸው።

ኮታቸው ላይ ያለውን ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ ላባ ቀላል ነገር አይደለም» አሉኝ።

ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ልጄ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ። ማታ ኢንቨርነስ ስደርስ እየዘነበ ነበር።

4ኛ ቀን፣ ከሎደንና ፎርት ጆርጅ

ዛሬ የመጣሁበትን መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል።

ከሎደን ከኢንቨርነስ ብዙም አይርቅም። ሜዳ ነው፤ ረግረግ፣ ሳር፣ ነፋስ። ሰማያዊ ባንዲራዎች የያኮባውያኑ (ከዙፋን የተወገደውን የስቱዋርት ቤት ለመመለስ ያመፁት) ሰልፍ የነበረበትን፣ ቀዮቹ የመንግሥት ጦር የቆመበትን ያሳያሉ። መካከላቸው ሮጦ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። እኔ ቀስ ብዬ ሄድኩ። እግሬ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰይፍ ይዞ በዚህ ጭቃ ላይ ወደ መድፍ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ጫማዬ ነገረኝ።

ሚያዝያ 16 ቀን 1746 ውጊያው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከያኮባውያኑ 1,500 ያህል ሰው ወደቀ። ከመንግሥት ወገን የሞተው 50 ገደማ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ቁስለኛም አልተማረም።

ብዙ ሰው ይህን የእንግሊዝና የስኮትላንድ ውጊያ ያደርገዋል። አይደለም። በቀዮቹ ባንዲራዎች በኩልም ስኮትላንዳውያን ሬጅመንቶች ቆመው ነበር፤ ከ1633 ጀምሮ የነበሩት ሮያል ስኮትስ፣ ፊውዚሊየርስ፣ የካምፕቤል ደገኞች። ወንድም ከወንድሙ ጋር ነው የተጋጠመው። ይህን እኛ አበሾች ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከድሉ በኋላ ሕግ ወጣ። ደገኛ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ፣ ታርታንና ሽርጥ እንዳይለብስ ተከለከለ። የለበሰ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ለሰባት ዓመት ከባሕር ማዶ ይጋዛል። ክልከላው እስከ 1782 ቆየ። አንድ ሰው ብቻ ተፈቀደለት፦ የንጉሡ ወታደር።

እዚህ ላይ ቆሜ ነው ነገሩ የተፈታልኝ። አባት ቤቱ ውስጥ የአያቱን ልብስ መልበስ አይችልም። ልጁ ግን በጠላቱ ጦር ውስጥ ከተመዘገበ ያንኑ ልብስ ለብሶ፣ ባግፓይፕ እየተነፋለት፣ በአደባባይ መሄድ ይችላል። ልብሱን ያጠፋውም ያቆየውም ያው ጦር ነው። ለዚያ ነው ስኮትላንዳዊው ያን ልብስ ከወታደርነት ለይቶ ማሰብ የሚቸግረው።

ሳይመን ፍሬዘርን ውሰዱት። አባቱ ሎርድ ሎቫት በአመፁ ተከሶ በ1747 አንገቱ ተቀላ። ልጁ ራሱ ከአመፀኞቹ ወገን ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1757፣ ይኸው ልጅ ለንጉሡ ሙሉ ሬጅመንት መለመለ። ሰዎቹ በ1759 ካናዳ ውስጥ ኬቤክ ላይ በጄኔራል ዎልፍ ሥር ተዋጉ። ዎልፍ ከሎደን ላይ በቀዩ ወገን የነበረ መኮንን ነው። ስለ ደገኞቹ ቀደም ብሎ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጠንካሮች ናቸው፣ ቢወድቁም ትልቅ ጉዳት የለውም ብሏል። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። የሰው ልጅ ነፍስ እንዲህ ተመዘነ፤ እነሱ ግን እዚያው ጦር ውስጥ ስም አገኙ፣ መሬታቸውን አስመለሱ፣ ልብሳቸውን አቆዩ። የትኛውን ይፍረዱ? እኔ ልፈርድባቸው አልችልም።

የየጎሳው መቃብር ላይ ስም የተጻፈባቸው ድንጋዮች ቆመዋል። በ1881 ነው የተተከሉት። አንዱ ላይ አዲስ አበባ፣ አበቦች ማለቴ ነው፣ ተቀምጠውበታል። ሰው ዛሬም ያመጣል።

ከሰዓት በአውቶቡስ ወደ ፎርት ጆርጅ ሄድኩ። ዳግመኛ አመፅ እንዳይነሳ ተብሎ ከ1748 እስከ 1769 የተሠራ ምሽግ ነው። ባሕር ዳር ላይ ተዘርግቶ፣ ግንቡ ወፍራም፣ ውስጡ ከተማ ያህላል። አንድም ጊዜ ጠላት አልመጣበትም። ይልቁንም የደጋዎቹ ሬጅመንቶች መኖሪያ ሆነ። እነሱን ለመግታት የተሠራው ግንብ ቤታቸው ሆነ ማለት ነው። መከላከያ ሚኒስቴሩ በ2032 ሊለቀው ማቀዱን አስታውቋል።

የሃይላንደርስ ሙዚየም እዚሁ ውስጥ ነው። የካሜሮን ሃይላንደርስን ክፍል ፈልጌ ሄድኩ። በየካቲት 1941 የዚህ ሬጅመንት ሁለተኛ ሻለቃ ከረን ላይ ነበር። ከ4ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ጋር ሆነው አንድ ተራራ ያዙ፤ ቦታው እስከ ዛሬ በእነሱ ስም «ካሜሮን ሪጅ» ይባላል። ከረን መጋቢት መጨረሻ ላይ ወደቀች። የአስመራና የምጽዋ መንገድ ተከፈተ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። አባቴ ያኔ ልጅ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው እልል ሲል ሰምቷል።

መቅደላን ይዤ ገብቼ ከረንን ይዤ ወጣሁ። ሁለቱም በአንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

5ኛ ቀን፣ ስተርሊንግ

መጥፎ ቀን። አውቶቡሱ ቀረ፣ ባቡሩ አመለጠኝ፣ ጣቢያው ላይ ሁለት ሰዓት በብርድ ቆምኩ። ስተርሊንግ ግንብ ስደርስ ለመዝጋት ጥቂት ነበር የቀረው።

የአርጋይልና ሰዘርላንድ ሃይላንደርስን ሙዚየም በሩጫ አየሁ። በ1854 ባላክላቫ ላይ የሩሲያን ፈረሰኛ በሁለት ረድፍ ብቻ ቆመው የመለሱት የእነሱ አባቶች ናቸው፣ 93ኛው። እኔን የሳበኝ ግን ፊርማው ነው። በ1968 ሬጅመንቱ ሊፈርስ ሲል ሕዝቡ ተነሳ። «አርጋይልስን አድኑ» ተብሎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። ለአንድ ሬጅመንት ስም! ለጥቂት ጊዜ ወደ አንድ ሻምበል ወርዶ በ1972 ተመለሰ። በ2006 ወደ አዲሱ ሬጅመንት ገባ፣ በኋላም እንደገና ሻምበል ሆነ።

6ኛ ቀን፣ ሃሚልተንና ዳግላስ

የመጨረሻውን ቀን ለካሜሮኒያንስ ነው ያስቀመጥኩት። ከካሜሮን ሃይላንደርስ ጋር አይምታቱ። እነዚህ የቆላው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው የመጣው በ1680 ከተገደለ ሪቻርድ ካሜሮን ከሚባል ሰባኪ ነው። ንጉሥ በሃይማኖታችን አይገባም ብለው በየሜዳው ተደብቀው ይጸልዩ የነበሩ ሰዎች። ግንቦት 14 ቀን 1689 ዳግላስ በምትባል መንደር ሬጅመንት ሆኑ። እያንዳንዱ ምልምል መጽሐፍ ቅዱስ ይሰጠዋል። በጸሎት ሰዓት ዘብ ያቆማሉ፤ አባቶቻቸው ሲጸልዩ ወታደር ይመጣባቸው ስለነበር። አሳዳጅ ከጠፋ በኋላም፣ ለ279 ዓመት፣ ዘቡን አላነሱም።

ሙዚየማቸው ሃሚልተን ነው። የክብር ዝርዝራቸውን አነበብኩ። ብሌንሃይም፣ ራሚሊስ፣ ኮሩና፣ ቻይና። ከዚያ «አቢሲኒያ»። 26ኛው ሬጅመንት ይባሉ በነበረበት ጊዜ የመቅደላ ዘመቻ ላይ ነበሩ። በሃይማኖታቸው የተሳደዱ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ታቦት የተወሰደበት ዘመቻ ላይ። እዚያ ላይ ብዙ ቆምኩ። ጥበቃዋ ልትረዳኝ መሰላት፣ መጥታ ደህና ነህ ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

ከላናርክ በታክሲ ወደ ዳግላስ ሄድኩ። በ1968 ከሌላ ሬጅመንት ጋር ተዋሐዱ ወይም ፍረሱ ሲባሉ ካሜሮኒያንስ መፍረስን መረጡ። ቀኑንም መረጡ፦ ግንቦት 14፣ የተወለዱበትን ቀን። ቦታውንም፦ ከዳግላስ ግንብ ፍርስራሽ አጠገብ ያለው ሜዳ። እንደ አባቶቻቸው ሜዳ ላይ ጸለዩ። ዘቦቹ በአራቱም ማዕዘን ቆሙ። ጸሎቱ ሲያልቅ ባንዲራው ወረደ፣ ዘቦቹ ተነሱ።

ዛሬ ሜዳው ላይ በጎች አሉ። ከግንቡ የቀረው አንድ ማማ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ።

ማታ በለንደኑ ባቡር ላይ ሆኜ አዲስ አበባ እህቴጋ ደወልኩ።

«የአባባ ቆርቆሮ አለች?»

«የቱ ቆርቆሮ?»

«የብስኩቷ። የኮሪያ ዕቃው ያለባት።»

«ኮመዲኖ ውስጥ ናት። ምነው?»

«ክፈቺና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

ካርላይልን ስናልፍ ፎቶው ደረሰኝ። ሁለት ሜዳልያ፣ የጠፋ ቁልፍ የሚመስል ነገር፣ አንድ ደብዳቤ። ከሁሉም በላይ ትከሻው ላይ ይሰፋ የነበረው ቁራጭ ጨርቅ፣ በፈረንጅ ፊደል «ኢትዮጵያ» የሚለው። አንዱ ጠርዙ ተተርትሯል፤ እናቴ በነጭ ክር መልሳ ሰፍታዋለች።